ሪአክሽኑ እምቢ ሲል፦ የጎደለውን ምርት መፈለጊያ

የተከተላችሁት የኬሚስትሪ ወረቀት ምርቱ 85 በመቶ ነው ይላል፤ እጃችሁ ላይ ያለው 23 በመቶ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሙቀቱን ይጨምራል፣ ሰዓቱን ያረዝማል፣ ካታሊስቱን (ሪአክሽኑን የሚያፋጥነውን) እጥፍ ያደርጋል፤ ያውም ሦስቱንም በአንድ ቀን። ሁለተኛው ሙከራ ቢሻልም ቢብስም ምክንያቱ አይታወቅም። ከዚህ ሁሉ በፊት መልስ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አለ፦ የጎደለው አሁን የት ነው ያለው? ወይ መነሻው ንጥረ ነገር ሳይለወጥ ተቀምጧል፣ ወይ ወደ ሌላ ነገር ተለውጧል፣ ወይ ደግሞ የምትፈልጉት ነገር በደንብ ተሠርቶ በማጽዳት ላይ አምልጧል። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። ላልተለወጠ መነሻ ሙቀት ሊረዳ ይችላል። እየፈረሰ ያለን ፕሮዳክት (የሚፈለገውን ውህድ) ግን ሙቀት ይጨርሰዋል። በመታጠቢያው ውሃ ለሄደው ደግሞ ሙቀት ምንም አይፈይድለትም።

ስለዚህ ችግሩ እስኪታወቅ ድረስ ምንም አትድፉ። የታጠበበት ውሃ፣ ክሪስታሉ የተጣራበት ፈሳሽ፣ ከኮለምን (በሲሊካ ከተሞላ ማጽጃ ቱቦ) የወጡት ባዶ የሚመስሉ ቱቦዎች፣ የማድረቂያው ጨው ሳይቀር ቀንና ቁጥር ተጽፎባቸው ይቀመጡ። ከዚያ ሶልቨንቱን (ማሟሟያውን ፈሳሽ) አትንናችሁ እያንዳንዱን መዝኑ። 10 ግራም ገብቶ ከሁሉም ተለቃቅሞ 9 ግራም ገደማ ከወጣ ነገሩ እናንተው ዘንድ ነው፤ ምንነቱን መለየት ብቻ ይቀራል። 4 ግራም ብቻ ከወጣ ወይ ተኗል፣ ወይ ውሃው ውስጥ ቀርቷል፣ ወይ ፈሷል። ለዚህ ኤንኤምአር (የውህድን ምንነት የሚለይ መሣሪያ) አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል።

ሒሳቡንም ደብተሩን ዘግታችሁ በባዶ ወረቀት እንደ አዲስ ሥሩት። የድሮውን እያዩ መፈተሽ ስህተቱን አብሮ መገልበጥ ነው። ዋናው ወጥመድ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት የሞል ክብደቱ 249.7 ነው፤ ውሃ የሌለው ነጩ 159.6። በነጩ ቁጥር አስልቶ ሰማያዊውን የመዘነ ሰው ካሰበው 64 በመቶውን ብቻ ነው የጨመረው። ፓራ ቶሉዊን ሰልፎኒክ አሲድም እንዲሁ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ሞኖሃይድሬት (አንድ ውሃ ያለበት) የሚል ካለበት 190.2 እንጂ 172.2 አይደለም። ሶዲየም ሃይድራይድ አብዛኛውን ጊዜ 60 በመቶው ብቻ ሃይድራይድ፣ ቀሪው ዘይት ነው።

ሐዋሳ ላይ ሪፍለክስ ሲባል

ሪፍለክስ ማለት ሶልቨንቱን ማፍላትና ትነቱን አቀዝቅዞ ወደ ፍላስኩ መመለስ ነው። የከፍታ ጉዳይ እዚህ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ መታየት አለበት፤ መጽሐፎቹ እምብዛም አያነሱትም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማም እንዲሁ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 620 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ የመፍያ ነጥቦች ግን የ760 ናቸው። ውሃ እዚህ 94 ተኩል ገደማ ላይ ይፈላል። ኢታኖል ከ78 ወደ 73፣ ሜታኖል ከ65 ወደ 60፣ አሴቶን ከ56 ወደ 50፣ ኢታይል አሴቴት ከ77 ወደ 71፣ ቶሉዊን ከ111 ወደ 104፣ ዳይኢታይል ኢተር ከ35 ወደ 29 ዲግሪ ይወርዳሉ።

«በኢታኖል 4 ሰዓት ሪፍለክስ» ብሎ የጻፈው ሰው ባሕር ዳርቻ አካባቢ ከሆነ የሠራው በ78 ዲግሪ ነው። እናንተ ሆት ፕሌቱን እስከ መጨረሻው ብትከፍቱትም ከ73 አታልፉም፤ ፈሳሹ ይንተከተካል እንጂ አይሞቅም። በግርድፉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል ብለን ብንይዝ፣ 5 ዲግሪ ከፍጥነቱ ሲሶ ያህል ይወስዳል፤ የ4 ሰዓቱ ሥራ ወደ 6 ሰዓት ይጠጋል። አልሠራም ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ቀላል የማይባለው ያላለቀ ነው። መፍትሔው በሰዓት ሳይሆን በቲኤልሲ (በሲሊካ በተቀባ ትንሽ ሳህን ላይ ውህዶችን ለይቶ በማየት) ማቆም ነው። ካልሆነም በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ከፍ ብሎ ወደሚፈላ ሶልቨንት ሂዱ፤ 1-ፕሮፓኖል እዚህ 92 አካባቢ ይፈላል። ነገር ግን መነሻው ወይም ፕሮዳክቱ ኢታይል ኤስተር ከሆነ ይህን አታድርጉ፤ አሲድ ወይም ቤዝ ባለበት ፕሮፓኖሉ ኢታኖሉን አባርሮ ሌላ ኤስተር ይሠራል።

በዲስቲሌሽንም ላይ ያው ነው። መጽሐፉ ቤንዛልዲሃይድ በ179 ይወጣል ሲል እናንተ ጋ 171 አካባቢ መውጣት ከጀመረ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትድፉት። እንዲህ ላሉ ከፍ ብለው ለሚፈሉ ፈሳሾች ግፊቱ ከ760 በጎደለ በየ10 ሚሊ ሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀንሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ከከፍታ ጋር አይያያዝም፤ ቴርሞሜትሩ የት ነው የተነከረው? የዘይቱ ሙቀትና የፍላስኩ ውስጥ ሙቀት አንድ አይደሉም፤ በአሸዋ ላይ ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል። ባለ ሁለት አንገት ፍላስክ ካለ ቴርሞሜትሩን ወደ ውስጥ አስገቡ።

ቲኤልሲ ማንበብ

ሳህኗ ላይ ሦስት ነጥብ አድርጉ፦ በግራ መነሻው፣ በቀኝ ከፍላስኩ የተቀዳው፣ መሐል ላይ ሁለቱም ተደራርበው። ዋጋ ያላት የመሐሏ ናት። ከፍላስኩ የሚቀዳው ፈሳሽ አሲድ፣ ጨው ወይም ዲኤምኤፍ የተባለው ሶልቨንት ስላለበት ነጥቡን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊጎትተው ይችላል። በግራና በቀኝ ከፍታቸው ትንሽ የተለያየ ሁለት ነጥቦች አይታችሁ «ተለውጧል» ብላችሁ ትደሰታላችሁ፤ መሐሉ ላይ ግን አንድ ድፍን ክብ ብቻ ካለ ምንም አልተለወጠም። የመሐሉ ነጥብ ተለጥጦ ወይም ወገቡ ቀጥኖ እንደ ቅል ከሆነ ሁለት ነገሮች ናቸው። ያኔ የሳህኑን ሶልቨንት ቀይሩና እንደገና አሂዱ።

ከፍላስኩ በቀጥታ አትቅዱ። ሁለት ሦስት ጠብታ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ወዳለ ግማሽ ሚሊ ሊትር ውሃና ግማሽ ሚሊ ሊትር ኢታይል አሴቴት ጨምራችሁ ናጡ፤ ነጥቡን ከላይኛው ንብርብር ውሰዱ። ሄክሴንና ኢታይል አሴቴት 4 ለ 1 ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ የምትከታተሉት ነጥብ አርኤፉ (ነጥቡ የተጓዘው ርቀት ሶልቨንቱ ለተጓዘው ሲካፈል) 0.3 አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉ። ካርቦክሲሊክ አሲድ ጭራ ካወጣ 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ አሚን ጭራ ካወጣ 1 በመቶ ትራይኢታይልአሚን ወደ ሶልቨንቱ ጨምሩ።

በ254 ናኖሜትር ዩቪ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ የቤንዚን ቀለበት (የነዳጁ ሳይሆን ባለ ስድስት ካርቦኑ) ወይም ተመሳሳይ ነገር የሌለው ውህድ አይታይም። አዮዲንና ትንሽ ሲሊካ ያለበት ክዳን ያለው ጠርሙስ ብዙውን ያሳያል። የፐርማንጋኔት ቀለም ደግሞ እቤት እንዳለ ቅመም በየላብራቶሪው ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት፦ 1.5 ግራም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ 10 ግራም ፖታሲየም ካርቦኔት፣ 1.25 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሳህኗን ነክራችሁ ሞቅ ስታደርጓት በሐምራዊው ላይ ቢጫ ነጥብ ይወጣል። እንደ አይሶአሚል አሴቴት ያለ ቶሎ የሚተን ነገር ግን በየትኛውም ዘዴ ላይታይ ይችላል፤ ሳህኗ ስትደርቅ አብሮ ይሄዳል።

በዜሮ ደቂቃ፣ በ30 ደቂቃ፣ በ1፣ በ2 እና በ4 ሰዓት ቅዱ። የዜሮዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እሷ ከሌለች ግን ሌሎቹን ከምን ጋር ታወዳድራላችሁ? መነሻው ጠፍቶ ከሳህኑ ሥር ጥቁር ጭቃ ብቻ ከቀረ ፈርሷል ማለት ነው፤ ሙቀት ቀንሱ ወይም ቀድማችሁ አቁሙ። በ1 ሰዓት ላይ ደማቅ የነበረ ፕሮዳክት በ4 ሰዓት ከደበዘዘም ያው ነው። መነሻው ጠፍቶ ፕሮዳክቱ ንጹሕ ሆኖ እያለ ምርቱ ካነሰ ሪአክሽኑን ተዉት፤ ጥፋቱ የማጽዳቱ ነው።

ፕሮዳክቱ በኮለምን ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሲሊካው እየበላው እንደሆነ በቀላሉ ይታወቃል። አራት ማዕዘን ሳህን ጥግ ላይ አንድ ነጥብ አድርጉና አሂዱ፤ አድርቁና 90 ዲግሪ አዙራችሁ በዚያው ሶልቨንት እንደገና አሂዱ። ሁሉም ነጥቦች ከጥግ ወደ ጥግ በሚሄደው ሰያፍ መስመር ላይ ከተደረደሩ ሰላም ነው። ከመስመሩ ውጭ የወጣ ነጥብ ካለ ውህዱ ሲሊካ ላይ እየፈረሰ ነው፤ ሲሊካውን 1 በመቶ ትራይኢታይልአሚን ባለበት ሶልቨንት ማጠብ ወይም ኮለምኑን ትቶ በክሪስታል ማጽዳት ይሻላል።

መንገድ ላይ የቆመ ሪአክሽን

በ2 ሰዓትም በ4 ሰዓትም ሳህኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ተጨማሪ ሰዓት ጋዝ ማባከን ነው። ወይ ካታሊስቱ ወይም ሪኤጀንቱ (መነሻውን የሚለውጠው ኬሚካል) ሞቷል፣ ወይ ኢኩሊብሪየም (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው እኩል የሚሆንበት ሚዛን) ላይ ደርሷል። ለመለየት ከፍላስኩ ትንሽ ወደ ሁለት ብልቃጥ ቅዱ፤ በአንዱ ካታሊስት፣ በሌላው ከመነሻዎቹ ርካሹን ጨምሩና ሙቀቱን ጠብቁ። በካታሊስት ከተንቀሳቀሰ ሞቶ ነበር። በመነሻው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ኢኩሊብሪየም ሳይሆን አይቀርም።

ከአሲድና ከአልኮል ኤስተር ሲሠራ ይህ ግልጽ ነው። ኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ 4 አካባቢ ከሆነ፣ አንድ ለአንድ ሲደባለቁ 67 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ሌሊቱን ሙሉ ብታፈሉትም ከዚያ አያልፍም። አንዱን ሦስት እጥፍ ብታደርጉት 90 በመቶ ይደርሳል። በቶሉዊን እያፈሉ ውሃውን በዲን ስታርክ (ውሃውን ለይቶ በቱቦ በሚያጠራቅም መሣሪያ) ማውጣት ደግሞ ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ መለካትም ሪአክሽኑ የት እንደደረሰ ይነግራል፤ ለእያንዳንዱ 0.1 ሞል 1.8 ሚሊ ሊትር። ኢታይል ኤስተር የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚጠቀመው 96 በመቶ ኢታኖል መሆኑን አይርሳ። በውስጡ ያለው ውሃ ኢኩሊብሪየሙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ተራ ዲስቲሌሽን አያወጣውም።

ውሃ የማይወዱት፣ በተለይ ግሪኛርድ

አንድ ጠብታ ውሃ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ናት፤ ማለትም 2.8 ሚሊሞል። 243 ሚሊ ግራም ማግኒዥየምና 1.57 ግራም ብሮሞቤንዚን ይዞ የ10 ሚሊሞል ግሪኛርድ (ከሁለቱ የሚሠራ፣ ውሃ የሚያፈርሰው ሪኤጀንት) የሚሠራ ሰው በዚያች አንድ ጠብታ ከሩብ በላይ ምርቱን ያጣል። ክረምት ላይ ከኦቨን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የቀዘቀዘ ፍላስክ ደረቅ አይደለም። ሌሊቱን በ120 ዲግሪ አሳድሩት፣ ትኩስ እያለ ገጣጥሙት፣ ካልሲየም ክሎራይድ የሞላበት ቱቦ ከአናቱ አድርጋችሁ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። ለሶልቨንቱ ባለ 3 አንግስትሮም ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥ ቅንጣት) በ300 ዲግሪ ሌሊቱን አድርቃችሁ በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ዕቃ) ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ለ100 ሚሊ ሊትር 20 ግራም አድርጋችሁ 48 ሰዓት አስቀምጡ። ከዚያ በፊት የፐርኦክሳይድ ምርመራ አይቀርም፦ 1 ሚሊ ሊትር ኢተር ወይም ቲኤችኤፍ (ሌላው የግሪኛርድ ሶልቨንት)፣ 1 ሚሊ ሊትር ግላሺያል አሴቲክ አሲድ፣ 0.1 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ አትጠቀሙበት። ክዳኑ ላይ ክሪስታል የሠራ አሮጌ ጠርሙስ ካያችሁ ደግሞ አትክፈቱት፣ አታንቀሳቅሱት፤ ለኃላፊው ንገሩ።

ግሪኛርዱ አልነሳ (አልጀምር) ሲል ማግኒዥየሙን በደረቅ የብርጭቆ ዘንግ ጨፍልቁት፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ገጽ ይውጣ። አንድ ቅንጣት አዮዲን ጨምሩ፣ ማማሰሉን አቁሙ፣ ከብሮሞቤንዚኑ አሥር በመቶውን ብቻ ከጥቂት ኢተር ጋር አፍስሱና በእጃችሁ ሞቅ አድርጉት። የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም ይጠፋል፣ ፈሳሹ ግራጫ ሆኖ ይደፈርሳል፣ ከብረቱ ገጽ አረፋ ይወጣል። እዚህ ላይ ሐዋሳ ታታልላለች። ኢተር በ29 ዲግሪ ስለሚፈላ በበጋ ከሰዓት በኋላ የመዳፋችሁ ሙቀት ብቻውን ያንተከትከዋል። መፍላቱን አይታችሁ «ተነሳ» ብላችሁ የቀረውን ብሮሞቤንዚን ከደፋችሁ፣ በኋላ በእውነት ሲነሳ ሁሉም በአንዴ ይነሳና ኢተሩ በኮንደንሰሩ አናት ይወጣል። እጃችሁን አንሱና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መፍላቱ ካላቆመ ተነሥቷል፤ ካቆመ አልተነሣም። የቀረውን በጠብታ፣ 30 ደቂቃ በሚፈጅ ፍጥነት ጨምሩ፤ በፍጥነት ከገባና ከጋለ ባይፌኒል የተባለው ያልተፈለገ ውህድ ይበዛል። የበረዶ ባልዲ አጠገባችሁ ይኑር፣ ጠዋት ሥሩ፣ እሳት የሚባል በክፍሉ አይኑር።

ጠርሙሱ ራሱ

የተከፈተበት ቀን ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አትመኑ። ቤንዛልዲሃይድ አየር ሲያገኘው ቤንዞይክ አሲድ ይሆናል፤ ክዳኑ ዙሪያ ያለው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። በ10 በመቶ ሶዲየም ካርቦኔት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዲስቲል አድርጉት። የሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ዱቄት ተጋግሮ ከሆነ በማንኪያ ጫፍ ያህል ወደ ጥቂት ፈዘዝ ያለ አሲድ፣ ሁድ (ጋዝ የሚስብ መሥሪያ) ውስጥ፣ ጣል አድርጉ፤ በኃይል ካልፈላ ሞቷል።

አስፕሪን ከአሴቲክ አንሃይድራይድ ሲሠራ ደግሞ ጠርሙሱ ደህና ሆኖ ፍላስኩ ያበላሸዋል። 2 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ 14.5 ሚሊሞል ነው፤ 5 ሚሊ ሊትር አንሃይድራይድ 53 ሚሊሞል፤ የተትረፈረፈ ይመስላል። ነገር ግን ታጥቦ ሳይደርቅ በተወሰደ ፍላስክ ሥር የቀረ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 55 ሚሊሞል ነው፤ አንሃይድራይዱን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። ከዚያ አምስት ጠብታ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሮ ሲያሞቁት ቢውሉ የሚገኘው የኮምጣጤ ሽታና ያው ሳሊሲሊክ አሲዱ ነው። 1 በመቶ ፌሪክ ክሎራይድ አንድ ጠብታ ጣል ሲደረግበት ሐምራዊ ከሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ አለ።

በማጽዳት ላይ የሚጠፋው

በዚያው አስፕሪን እንቀጥል። ሙሉ ምርቱ 2.6 ግራም ነው። በ25 ዲግሪ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 3 ግራም ገደማ ይሟሟል፤ ስለዚህ ክሪስታሉን «በደንብ ለማጠብ» 100 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ ያፈሰሰ ሰው እስከ 0.3 ግራም፣ ከ11 በመቶ በላይ፣ ወደ ፍሳሹ ሊልክ ይችላል። ሁለት ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር በበረዶ የቀዘቀዘ ዲስቲልድ ውሃ ይበቃል። ክሪስታል አልወጣ ሲል ውሃ አትጨምሩ፤ በበረዶ ውስጥ አስቀምጡና የብርጭቆውን ግድግዳ በዘንግ ፋቁ። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ በማጽዳት ላይ አትጠቀሙ፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ አሲድ የሆነን ፕሮዳክት በከፊል ወደ ጨው ሊለውጥ ይችላል።

በሴፓራቶሪ ፈነል (ንብርብር መለያ ቧንቧ ያለው ብርጭቆ) የትኛው ንብርብር ውሃ እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ አንድ ጠብታ ውሃ ከላይ ጣል አድርጉ፤ የምትቀላቀልበት እሱ ነው። አንዴ በብዙ ከማውጣት ሦስት ጊዜ በጥቂት ይበልጣል። ፕሮዳክቱ ወደ ሶልቨንቱ ሦስት እጥፍ የሚያደላ ከሆነና ውሃው 90 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ አንዴ በ90 ሚሊ ሊትር ስታወጡ 25 በመቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ሦስት ጊዜ በ30 ሚሊ ሊትር ሲሆን 12.5 በመቶ ብቻ። ካርቦክሲሊክ አሲድ የሆነ ፕሮዳክት ከጠፋ ውሃውን ፒኤች 2 አድርሳችሁ እንደገና አውጡ፤ አሚን ከሆነ ከ10 በላይ። አልለይ ብሎ እንደ ወተት ከሆነ የጠገበ የጨው ውሃ ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ደጋግሞ መናጥ ያባብሰዋል።

መብራት ሲሄድና ውሃ ሲጠፋ

መብራት ከሄደ ሰዓቱን ጻፉ። ከ10 ደቂቃ በላይ የቀዘቀዘ ሪፍለክስ «4 ሰዓት» ተብሎ አይመዘገብም። የቧንቧ ውሃ መቆም ግን ይከፋል፤ ሙቀቱ እንደቀጠለ ሶልቨንቱ ይወጣል፣ ሪአክሽኑ ይወፍራል፣ ማታ የገባ ሰው ጠዋት ያረረ ነገር ያገኛል። ባልዲ ውስጥ ውሃና በረዶ፣ ለዓሣ ማሳደጊያ የሚሸጠው ትንሽ ፓምፕ፣ ሁለት ጎማ ቱቦ፤ ይህ ከቧንቧው ይልቅ ይታመናል። ፓምፑንና ሆት ፕሌቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፤ መብራት ሲሄድ ሁለቱም አብረው ይቁሙ። ፍላስኩን ከነይዘቱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ መዝኑ፤ የጎደለው ግራም ያመለጠው ሶልቨንት ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጥፋቱ የሪአክሽኑ ራሱ ከሆነ ብቻ ነው ሁኔታዎችን መቀየር የሚጀመረው። ትልቁን ፍላስክ መልሱት። ስድስት ብልቃጥ፣ በእያንዳንዱ 0.5 ሚሊሞል፣ በአንድ ሙቅ ዘይት ውስጥ፤ አንዱ እንዳለ ይቀመጥ፣ ሌሎቹ ላይ አንድ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፦ ሶልቨንቱ፣ የሪኤጀንቱ መጠን፣ ካታሊስቱ፣ የመጨመሪያው ቅደም ተከተል፣ የመነሻውን ብዛት ሳይነኩ ኮንሰንትሬሽኑ (በስንት ሶልቨንት እንደሟሟ)። ስድስቱንም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ነጥቡ። እንዳለ የተቀመጠው ብልቃጥ የቀድሞውን ውጤት ካልደገመ ሌሎቹን አታንብቡ፤ መጀመሪያ ለምን እንዳልደገመ ፈልጉ።